በፒኮ ባስ ወደ ባሕሩ

ሂሩቴ፣ የልጄ እናት፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳሳለፍነው አላስታውስም። ዘንድሮ እህትሽ አልማዝ ከግሌንዴል መጥታ ዶሮ ሠራችልን፤ ማሂያችንም ጠግባ በላች። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለማን እንደምነግር ሳስብ ካንቺ ሌላ ሰው አላገኘሁም።

ቤቱ ያው ነው። አከራያችን ሕንፃውን ከውጭ ግራጫ ቀለም አስቀብቶታል፤ አንቺ አትወጂውም ነበር። መስኮቱ ላይ የተከልሽው በሶብላ ደርቆ በቦታው ሌላ ተክያለሁ። እኔ አሁንም አዛውንቶቹን በቫን ሐኪም ቤት አመላልሳለሁ፤ ማሂን ከትምህርት ቤት ለመውሰድ ስል ግን የጠዋቱን ሺፍት ብቻ ነው የምሠራው።

እሷ አምስተኛ ክፍልን እየጨረሰች ነው። ጎበዝ ናት፣ ትበላለች፣ ትስቃለች። ግን ከቀብርሽ በኋላ አንድም ቀን ስምሽን አንስታ አታውቅም ነበር። እኔ ካነሳሁሽ ቀስ ብላ ወደ ክፍሏ ትገባለች። አልማዝ "ጊዜ ስጣት" ትለኛለች። ሰጠኋት፤ ዝምታው ግን እየጠነከረ ሄደ።

ከፋሲካ በኋላ ክፍላቸው ውቅያኖሱ ዳር ወዳለ ካምፕ ሄዶ ጥቂት ቀን እንደሚያድር ነገረችኝ። ድንጋይ ለድንጋይ እየዞሩ የባሕር እንስሳት ያያሉ፣ ውሃ ውስጥም ይገባሉ። ራት እየበላን ነበር። ጨርሳ ሳትናገር "አትሄጂም" አልኳት።

ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ታናሽ ወንድሜን ሳምሶንን የቢሾፍቱ ሐይቅ ከወሰደው ወዲህ ውሃ ፊት መቆም አልችልም። እዚህ ከተማ ይህን ያህል ዓመት ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ወደ ባሕሩ አልወሰድኳችሁም። ለማሂ ግን ምክንያቱን ነግሬያት አላውቅም። "አደገኛ ነው" ብያት አልፋለሁ።

አላለቀሰችም። ሳህኗን ገፋ አድርጋ "እማዬ ወስዳኛለች" አለች።

"እማዬ" ስትል መስማቴ ብቻ ነው መጀመሪያ የገባኝ። የቀረው ቆይቶ ነው የደረሰኝ።

"የት ነው የወሰደችሽ?"

"ባሕሩ ጋ። ብዙ ጊዜ። አንተ ቅዳሜ ስትሠራ በፒኮ መንገድ ባስ እንሄድ ነበር፣ እስከ መጨረሻው። አባትሽ ይጨነቃል፣ ትንሽ ከፍ ስትዪ አብረን እንነግረዋለን አለችኝ። ሶ፣ እንዳልነግርህ ፕሮሚስ አድርጌ ነበር።"

ልጄ አፏን የዘጋችው ለዚህ ኖሯል። ካንቺ ጋር ያሳለፈችው ደስ የሚል ነገር ሁሉ ባሕሩ ጋ ነበር። ስላንቺ ማውራት ከጀመረች ምስጢሩ እንዳያመልጣት ፈርታ ሁሉንም ዋጠችው።

ተናደድኩብሽ፣ ሂሩቴ። አልደብቅሽም። ቫኑን እየነዳሁ በልቤ ካንቺ ጋር ስጨቃጨቅ ሰነበትኩ፤ ለካ ድምፄ ይሰማል። ከኋላ የተቀመጡት ጋሼ ተፈራ "ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አሉኝ።

"ከባለቤቴ ጋር ነው" አልኳቸው።

የእሳቸውም ባለቤት ካረፉ ቆይቷል። "እህ፣ እኔም እንደዚሁ ነኝ" አሉና በመስኮት ወደ ውጭ ማየታቸውን ቀጠሉ።

የዚያን ቀን ማሂን ከትምህርት ቤት ስወስዳት፣ ካንቺ ጋር ያለኝን ጠብ እሷ ላይ መወጣት አልፈለግኩምና "ትሄጃለሽ" አልኳት። ዞራ አንገቴን አቀፈችኝ።

ወደ ካምፑ በሚሄዱበት ቀን አውቶቡሱ ከትምህርት ቤቱ በር ሲነሳ ሌሎቹ ልጆች እጃቸውን ለወላጆቻቸው ያወዛውዛሉ፤ የእኛዋ ጓደኛዋን እያሳቀች ነው። ካምፑ ውስጥ ስልክ አይፈቀድም። በማግስቱ ሥራ ስጨርስ ቤት መግባት አልቻልኩም። ፒኮ ላይ ቆሜ ባሱን ያዝኩና እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ከወረድኩ በኋላ ጥቂት ተራመድኩ፤ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ ባሕሩ መጣ።

በሥራ ጫማዬ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ፈርቻለሁ፣ ግን አልተነሳሁም። አምስት ቀን ሙሉ ሥራ ላይ የሰው በሽተኛ ስታነሺና ስታስተኚ ከርመሽ፣ ቅዳሜ ሲመጣ ልጅሽን ይዘሽ እዚህ ትቀመጪ እንደነበር አሰብኩ። ቅዳሜ ማታ ስገባ ሁለታችሁም ፊታችሁ ፈክቶ ትጠብቁኝ ነበር። እኔ ደግሞ እንቅልፍ የጠገባችሁ ይመስለኝ ነበር። ለልጅቷ ብቻ ብለሽ አልነበረም፤ አንቺም ነፋስ አስፈልጎሽ ነበር። ንዴቴ እዚያው ቀረ።

ሲመለሱ መምህሯ ጠራችኝ። አንዲት ልጅ ውሃውን ፈርታ ስታለቅስ ማሂ እጇን ይዛ፣ "ጀርባሽን አትስጪው፤ እግርሽን ብቻ አስነኪና ሲመጣ እዪው፤ እናቴ እንደዚህ ነው ያስተማረችኝ" አለቻት። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ልጆች እንዲሁ እያደረጉ ገቡ አለችኝ። መምህሯ ይህን ስትነግረኝ ማሂ አጠገቤ ቆማ ጫማዋን ታያለች፤ ደስታዋን መደበቅ ግን አልቻለችም።

መኪና ውስጥ እስክንገባ አልጠበቀችም። ስላንቺ ማውራት ጀመረች፣ እስከ ቤት አላቆመችም። ቀሚስሽን ከፍ አድርገሽ ስትገቢ ማዕበሉ ወገብሽ ድረስ እንዳበሰበሰሽ፣ ባሱ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልለሽ ሰው ሁሉ ሲያይሽ እንደሳቅሽ ነገረችኝ። አሥራ ምናምን ዓመት አብሬሽ ኖሬ ይህችን ሴት አላውቃትም ነበር። ከልጄ እየተዋወቅኳት ነው።

ቅዳሜ አብረን ሄድን። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባሁ፤ እሷ ክንዴን ይዛ። "ለምንድነው የምትፈራው?" አለችኝ፤ ስለ ሳምሶን ነገርኳት። እንዴት እንደሚስቅ፣ እንዴት ያፏጭ እንደነበር ሁሉ። አጎት እንደነበራት በደንብ ያወቀችው ያን ቀን ነው።

አሁን በቤታችን ስምሽ ያለ ስስት ይነሳል። ትናንት ጠዋት ሲረፍድብን የግራ ጫማዋ ጠፋባትና "እማዬ ብትኖር የት እንዳለ ታውቅ ነበር" ብላ ከክፍሏ ተጣራች። "እውነትሽን ነው" አልኳት። ሁለታችንም አልጋ ሥር ተንበርክከን ስንፈልግ እሷ ስላንቺ ማውራቷን አላቋረጠችም፤ እኔም ረፈደ ብዬ አላስቆምኳትም። በሕይወት እስካለሁ ድረስም አላስቆማትም።

ያንቺው
ዳንኤል