በሦስት ቤት የሚነበብ ደብዳቤ

ይድረስ ከእናታችን ቀጥሎ ጆሮዬን አብዝታ ለጎተተችው፣ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ነሽ? እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? የግራውን ማለቴ ነው፤ የቀኙን ድሮም አምተሽው አታውቂም። እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? እህልስ በወጉ ትቀምሻለሽ? ጥርስሽ እንዳለ አለ ወይስ እንደ እኔ ለዘበኝነት ያህል አንድ ሁለት ብቻ ቀርቷል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምለው እንደ ወትሮው ለወጉ አይደለም፤ ማስረጃ አለኝ፤ ቆይተሽ ትሰሚዋለሽ።

ከሁሉ በፊት ልብስ ሰፊዋ ማንበቧን ታቁምና ወረቀቱን ወደ አንቺ ታዙረው። ማንበብ ባትችዪ ማየት አያቅትሽም። ይህ እስከ ዛሬ ደብዳቤ ይጽፍልኝ የነበረው፣ የፖስታ ቤት ደጃፍ ላይ የሚቀመጠው ጸሐፊ እጅ አይደለም። የእኔ የወንድምሽ እጅ ነው፤ አርባ ዓመት ድንጋይ ሲያነሳና ሲጥል የኖረው የግንበኛው። መስመሩ ቀጥ ማለቱን ተመልከቺ። ውሃ ልኬን ወረቀቱ ላይ አስቀምጬ ነው የጻፍኩት። በማታው ትምህርት ቤት ከአሥራ ዘጠኝ ተማሪ አንደኛ ነኝ፤ መምህርቷ ገና በይፋ አልተናገረችም እንጂ።

አሁን ደግሞ ልብ ብለሽ ስሚኝ። ደብዳቤው አንድ ነው፤ ፖስታው ግን ሦስት ነው። አንደኛው ይኸው ልጅሽ ባደረሰሽ በጎረቤትሽ በልብስ ሰፊዋ ቤት ነው። ሁለተኛው መንገዱ ጫፍ ላይ ካለው ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ይጠብቅሻል። ሦስተኛው የት እንዳለ እዚያ ስትደርሺ ይነገርሻል። ልጅሽን አትቆጪው፤ ፖስታዎቹን በየቤቱ ያስቀመጠው በእኔ ትእዛዝ ነው። ባለፈው ሳምንት የጭነት መኪናውን ይዞ ወደዚህ ሲመጣ እኔ ዘንድ አረፈና ሁሉንም ነገር ዘረገፈልኝ። ባልሽ ካረፈ ጀምሮ፣ ይልቁንም ካለፈው ዓመት ወዲህ፣ ጠዋት ምራትሽ ወደ ዳቦ ቤቱ፣ የልጅ ልጅሽም ወደ ትምህርት ቤቷ ሲሄዱ በሩን ዘግተሽ እስኪመለሱ አትከፍቺም አለኝ። ምን ሆንሽ ሲሉሽ፣ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ነው ትያለሽ አለኝ። ደብዳቤዬ ሲመጣ እንኳ ምራትሽ ስታነብልሽ ተጋድመሽ፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ነው የምትሰሚው አለኝ።

እትዬ፣ ጉልበትሽን አውቀዋለሁ። እኔን ለመግረፍ ሦስት አጥር የዘለለ ጉልበት ነው። ግድግዳውንም አውቀዋለሁ፤ አርባ ዓመት ስሠራው ኖሬያለሁ። የሚመልስልሽ ነገር የለውም።

ግን አልፈርድብሽም። እኔም አንድ ሰሞን እንዲሁ ሆኜ ነበር፤ ያኔ በደብዳቤ ደህና ነኝ እያልኩ አስጽፍልሽ ነበር እንጂ። ወገቤ ከመወጣጫው እንቢ ብሎ ካወረደኝ በኋላ በዚህች አንዲት ክፍል ቁጭ አልኩ። ጠዋት እነሳለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ማታ መስኮቱን እዘጋለሁ። ሥራዬ ይኸው ሆነ። አንድ ቀን ራሴን አዞረኝና ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ክንዴን ጠምጥማ ለካችኝና፣ አባባ፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል አለችኝ። ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ከፍ ያለ ነገር ላይ ነው የኖርኩት አልኳት። አልሳቀችም። ክኒን አዘዘችልኝ፤ ስለ ጨው ጠየቀችኝ፣ ስለ እንቅልፍ ጠየቀችኝ፣ በመጨረሻ ደግሞ በቀን ከስንት ሰው ጋር ነው የሚያወሩት ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ምን የሚሉት በሽታ ነው ብዬ ገረመኝ፤ ቢሆንም ሰፈሩ በሙሉ እጄ ላይ ነው ብዬ ነፋሁባት። እሷ የዋዛ አይደለችም። ሰባት መስመር የተሰመረበት ወረቀት ሰጠችኝና፣ እንግዲያው በየቀኑ ያነጋገሯቸውን ሰዎች እየጻፉ በሳምንቱ ያምጡልኝ አለችኝ።

ፊደል አልለይም ብዬ ለአንዲት ፍሬ ልጅ መናገር ሞት መሰለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ቤቴ ገብቼ በግንበኛ እርሳሴ ለአንድ ሰው አንድ ጭረት እያደረግሁ መቁጠር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ጭረት ሆነ፤ ሬዲዮኑ፣ የአከራዬ ድመትና ሳሙና አልቋል ያለኝ ባለሱቅ። በማግስቱ ሁለት ሆነ፤ ሬዲዮኑና ድመቷ። በሦስተኛው ቀን ከሬዲዮኑ ጋር ተጣላሁ።

በሳምንቱ ለነርሷ ወረቀቱን አሳየኋትና ሬዲዮን ይቆጠራል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። የሚቆጠረው መልስ የሚሰጥዎት ብቻ ነው አለችኝ። ድመቷ ትመልስልኛለች ብዬ ተከራከርኩ። ነርሷ ጭረቶቹን አንድ ባንድ በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ድመቷን ለዚህ ሳምንት እቆጥርልዎታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ሰው ይፈልጉ፤ ይህንንም እንደ ክኒኑ ሳያስታጉሉ ነው አለችኝ። ሌላ ወረቀት ጨመረችልኝ። እኔም ከጤና ጣቢያው ስወጣ አንድ ትልቅ ውሸት ለመዋሸት ቆርጬ ወጣሁ።

ልብስ ሰፊዋ፣ እዚህ ላይ አቁሚ። ወረቀቱ አልቋል። ምርኩዟን አቀብያት። እትዬ፣ ምን እንደዋሸሁ መስማት ከፈለግሽ ተነሺ። እኔ እህቴን አውቃታለሁ፤ የወንድሟን ጥፋት ሳትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ሁለተኛው ፖስታ፣ በፀጉር አስተካካዩ እጅ

እንኳን በደህና መጣሽ። ልጅሽ ከልብስ ሰፊዋ እስከዚህ በእርምጃ ለክቶ፣ በዚህ ሳምንት እንደገና ሲመጣ መቶ ስልሳ ነው ብሎኛል። በአንቺ እርምጃ ሦስት መቶ ይሆን ይሆናል፤ የቸኮለ የለም። ያችኑ ነርስ ስለ ጉልበትሽ ጠይቄልሽ ነበር፤ ቀን ሙሉ ተቀምጠው ሲውሉበት ይብስበታል፣ ቀስ እያሉ መራመዱ ነው የሚሻለው ብላለች። አንተ ፀጉር አስተካካይ፣ ያንን የሚሽከረከር ወንበር ስጣት። አታሽከርክራት ግን።

ውሸቱ እንዲህ ነው። የሌሉ ሰዎች ስም በወረቀቱ ላይ እየደረደርኩ ነርሷን ዝም ላሰኛት አሰብኩ። ግን ለመዋሸትም መጻፍ ያስፈልጋል። ለጸሐፊው ከፍዬ ላስጽፍ ብል የሰፈሩ መሳቂያ እሆናለሁ፤ የእሱ ጆሮ የሰማውን አፉ አያሳድረውም። ስለዚህ ለአንድ ውሸት ብዬ በስልሳ ሰባት ዓመቴ የማታ ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ።

ክፍሉ ቀን ቀን ሕፃናት የሚማሩበት ነው። አግዳሚው ከመሬት አንድ ስንዝር ነው፤ ስቀመጥ ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። መነሳቱ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበር። አንድ ጡረታ የወጣ ዘበኛ ከኋላ ገፋኝ፣ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ከፊት ጎተተችኝ፤ በዚያው ተዋወቅን። ሽንኩርት ሻጯ አጠገቤ ተቀመጠችና ከእኔ መገልበጥ ጀመረች። አንዳንድ ቀን እሷ እንዳታፍር ብዬ እኔም ከእሷ እገለብጣለሁ። ዘበኛው ደግሞ ማታ ማታ እስከ ደጄ ይሸኘኛል። ሰላሳ ዓመት በር ጠብቄ ሰው ሳላስገባ በር ላይ መተው አይሆንልኝም ይላል፤ ይገባና ይጨቃጨቀኛል። የማያውቀው ነገር የለም፤ ስለ ግንብ እንኳ ሊያስተምረኝ ይሞክራል። አንድ ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ሁለት ቀን ብቀር በሦስተኛው ቀን አምስት ሆነው መጡ፤ ክፍሏ ጠባ ድመቷ መስኮት ላይ ወጣች። ስታመም የተጠየቅሁት ከስንት ዘመን በኋላ መሰለሽ?

በአራተኛው ወር መጻፍ ቻልኩ። ያን ቀን የነርሷን ወረቀት ዘርግቼ፣ እርሳሴን ቀርጬ፣ ለመዋሸት ተሰናዳሁ። እስቲ መጀመሪያ እውነተኞቹን ልጨርስና ወደ ውሸቶቹ እሄዳለሁ አልኩ። ዘበኛውን ጻፍኩ፣ ሽንኩርት ሻጯን ጻፍኩ፣ መምህርቷን ጻፍኩ፤ ቀጠልኩ። መስመሩ አለቀ። ገልብጬ በጀርባው ጻፍኩ፤ ጀርባውም አለቀ። ለውሸቱ ቦታ አጣሁ። ነርሷ ዘንድ ሄጄ ወረቀት ጨምሪልኝ ብላት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ለካችኝም፤ ግፊቱ ወርዷል። ክኒኑን አሁንም እውጣለሁ፤ ሙሉውን ለእኔ ጉብዝና እንዳትሰጪው። ማስረጃ አለኝ ያልኩሽ ይኸው ነው።

እንግዲህ ሦስተኛው ፖስታ ያለው አዋላጇ ዘንድ ነው።

ተቆጥተሽ ከወንበሩ ስትነሺ ከዚህ ይታየኛል። ከእሷ ጋር ከተኳረፋችሁ ዓመት ከመንፈቅ እንደሆነ አላጣሁትም። ሰላሳ ዓመት በአንድ ደጅ እየተጠራራችሁ የኖራችሁ፣ ልጅሽን በእጇ የተቀበለች ጓደኛሽ መሆኗንም አላጣሁትም። በአንድ ድስት ምክንያት እሷ መስኮቷን ዘጋች፣ አንቺም በርሽን ዘጋሽ። ጉልበት ነው ያልሽው ይኸው ነው። ወደ ቤትሽ ልመለስ ካልሽ ተመለሺ፤ መንገዱ በእሷ ደጅ ነው የሚያልፈው። ፀጉር አስተካካዩን የመረጥኩት ፀጉር ያውቃል ብዬ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ድስቱን የሰነጠቀው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ተጽፎ እሷ እጅ ላይ ነው፤ ፖስታው አልተከፈተም።

ሦስተኛው ፖስታ፣ በአዋላጇ እጅ

እትዬ አዋላጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። በእግሯ ከመጣች አነብላታለሁ፣ እኔ ግን ይዤላት አልሄድም ማለትዎን ልጁ ነግሮኛል። ይኸው በእግሯ መጣች። መነጽርዎን ያድርጉና ቃል ሳይዘሉ ያንብቡላት። እርስዎንም የሚመለከት ነው።

የባልሽ ለቅሶ ሲበተን፣ እትዬ፣ ከአዋላጇ ቤት የተዋስነው ትልቁ የሸክላ ድስት ጓሮ ታጥቦ ተደፍቶ ነበር። ያንን ድስት ሁለት ሴት ሆናችሁ ነበር የምታነሱት። እኔ ግንበኛው በአንድ እጄ ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። የሚያየኝ ሰው አልነበረም፤ ለማን ብዬ እንደተጎረርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። የጓሮውን ደረጃ ስወጣ አመለጠኝ። ሦስት ደረጃ ወረደ፤ ቂጡ ጣት በምታህል ስንጥቅ ተሰነጠቀ።

ሰው ቢሆን ወጌሻ እጠራ ነበር። ድስት ስለሆነ ከመሣሪያ ቦርሳዬ ሲሚንቶ አወጣሁ። ስንጥቁን ሞላሁ፣ በማንኪያ ጀርባ አለሰለስኩ፣ ጥቀርሻ ቀባሁት። እውነቱን ለመናገር ሥራው ግሩም ነበር። ማንም ሳያውቅ ድስቱ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፣ እኔም በማግስቱ ተሳፈርኩ።

ከዚያ የሆነውን ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። እትዬ አዋላጅ እንግዳ ጠርተው ድስቱን ጣዱት፤ ሲሚንቶው በእሳት ተላቆ ከወጡ ጋር ወጣ፤ አንዱ እንግዳ ነከሰው። እርስዎም መጥተው ይህ የወንድምሽ እጅ ነው፣ ሲሚንቶ ከማን ቤት ይመጣል አሏት። እህቴ ደግሞ፣ ወንድሜ ጉረኛ ነው እንጂ ደባቂ አይደለም፣ ቢሰብር ይነግረኝ ነበር ብላ ማለች። በእኔ ስም ምላ የሰላሳ ዓመት ጓደኛዋን ከደጇ መለሰች።

ይህን ሁሉ ያኔ በደብዳቤ አስጽፈሽልኝ ነበር፣ እትዬ። ጸሐፊው አነበበልኝና ምን ብዬ ልመልስ አለኝ። እሱ ፊት እንዴት ብዬ ልናገር? ደህና ነኝ ብለህ ጻፍላት አልኩት። ስምንት ደብዳቤ ደህና ነኝ እያልኩ አስጻፍኩ። ውሸት በሰውም እጅ ይጻፋል። ይህን ግን በራሴ እጅ ካልሆነ መጻፍ አልቻልኩም።

የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ። እትዬ አዋላጅ፣ እርስዎ እውነትዎን ነበር። እትዬ፣ አንቺም እውነትሽን ነበር፤ ቢሰብር ይነግረኛል ብለሽ ነበር፣ ይኸው ነገርኩሽ፤ ትንሽ ዘገየሁ እንጂ።

አሁን ተቀመጡና ስደቡኝ። ለብቻ መሳደብ ያደክማል፤ ለሁለት ግን እስከ ማታ ይዘልቃል። ልጅሽ በረንዳው ላይ በጆንያ ጠቅልሎ ያስቀመጠው አዲስ ድስት ነው። ለሁለታችሁ ነው። ከድሮው ይተልቃል፤ ለሁለት ካልሆነ አይነሳም። ሱቁ ውስጥ በአንድ እጄ ሞክሬዋለሁ።

ከደብዳቤው ሥር ሰባት መስመር ያለበት ወረቀት አለ። ከነርሷ ለምኜ ያመጣሁት ነው። የመጀመሪያውን መስመር እኔ ሞልቼልሻለሁ፤ ልብስ ሰፊዋ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ አዋላጇ። ሦስቱም መልስ የሚሰጡ ናቸው። የቀረውን አንቺ በጭረት ሙዪው፤ ድመት አይቆጠርም።

ለልጄ ለሹፌሩ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ምስጢር መጠበቁን አይቻለሁ። ለምራትሽ፣ እጇ ለማይሰንፈው፣ ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። የልጅ ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የቤት ሥራ ከከበዳት ለእኔ ትላክልኝ፣ ሽንኩርት ሻጯን ጠይቄ እመልስላታለሁ። ለግድግዳው ሰላምታ የለኝም።

ታናሽ ወንድምሽ ግንበኛው፣ በገዛ እጁ

መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዬ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን ተጻፈ።