ደወሉ ያልጠበቀው መልስ

ለተከበሩ አቶ ሄራርዶ ቪያፍሎር
የሬዲዮ ባናግ ሥራ አስኪያጅ
ካንሉባይ፣ ቦሆል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎና ባለቤትዎ በሙሉ ጤንነት፣ የቢሮዎም ማቀዝቀዣ በሙሉ ኃይሉ እንዲገኙ ከልቤ እመኛለሁ። አንቴናዎን ዐውሎ ነፋስ አይንካብዎ፤ ማስታወቂያ አስነጋሪ ድርጅቶችም አይጉደሉብዎ። እኔ ክሪስፒና ሉማፓስ እባላለሁ። ባለቤቴ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ባሕር ለባሕር የሚዞር፣ እኔ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ትንሽ ሱቅ ይዤ ሰፈሩ ሁሉ ታታይ ሴብዮ፣ አባባ ሴብዮ፣ ከሚላቸው ከአማቴ ከኤውሴብዮ ጋር የምኖር ሴት ነኝ። ረስተውኝ እንደሆነ፣ ከእንግዳ መቀበያዎ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ከጠዋት እስከ ምሳ ያስቀመጡኝ ነኝ። ስለ ወንበሩ አሁንም አመሰግናለሁ።

ብዕር ያስነሳኝ ትናንት በዜናዎ የሰማሁት ነው። የታታይ ሴብዮ ቤተሰብ ከሬዲዮ ባናግ የተበረከተለትን የኤሌክትሪክ ማራገቢያና አንድ ካርቶን ሰርዲን «በታላቅ ምስጋና» መቀበሉን አንባቢዎ በሚያምር ድምፅ ነገረን። የዚያ ቤተሰብ አባል እንደመሆኔ ምስጋናዬን ከሌላ ሰው አፍ መስማቴ ገርሞኛል። ሆኖም በእኛ ስም ምስጋናውን ከጀመሩልን አይቀር፣ የቀረውን ራሴ በቅደም ተከተል እንዳደርስ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ዓርብ ጠዋት ስለሚያስተላልፉት «ቶሎ በል፣ ውሰድ!» ስለተባለው የጥያቄና መልስ ውድድር አመሰግናለሁ። ይህችን እንኳ ከልቤ ነው የምላት። ታታይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደ ሴቡ ደሴት ለሚሻገሩ ጀልባዎች ወደብ ላይ ቆመው ተሳፋሪ ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድምፅ ማጉያ ሲሰጧቸው ለጀማሪ ስጡት ብለው ይመልሱ ነበር። ባለፈው ዓመት ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መታቸው። እግራቸው ተመለሰ፤ እጃቸውም ከሞላ ጎደል ዳነ። ንግግራቸው ግን ወደ ኋላ ቀረ። የሚሉትን ያውቁታል፤ ቃሉ ነው እስኪመጣ የሚያስጠብቃቸው። የጤና ጣቢያችን ነርስ ዝም ማለት ይበልጥ እንደሚጎዳቸው ነግራ፣ ከሚያውቋቸው ሰዎች ይልቅ ከማያውቋቸው ጋር እንዲያወሩ መከረቻቸው፤ እኛ የሚያውቁን ሰዎች ቃሉን ቀድመን እየጨረስንላቸው አስቸግረን ነበርና። ታታይም የማያውቁት ሰው ሲፈልጉ የመረጡት የእርስዎን አቅራቢ፣ ራሱን ቦይ ኪላት፣ መብረቁ፣ እያለ የሚጠራውን ወጣት ነው። በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ መስመሩ ይያዛል። ቢያዝም መልሱን ለኔ ይነግሩኛል፤ እኔ ሩዝ እየመዘንኩ እጠብቃቸዋለሁ። ደንበኛም ይጠብቃል። በዚህ መልክ ወራት ስንቆይ ንግግራቸው በግልጽ ተሻሽሎ ነበርና፣ ሳያውቁት ላከናወኑት የሕክምና ሥራ ባለዕዳዎ ነን።

ሁለተኛ፤ መስመሩ የተከፈተላቸው ቀን ስለተደረገላቸው መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ታታይ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ከወንበራቸው ተነሡ፤ እኔም ሬዲዮው እንዳይረብሻቸው ዘጋሁትና ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ። ጥያቄው አገር የሚያውቀው ነበር፤ በደሴታችን ጫካ የሚኖር፣ ጭራው ረጅም፣ የአንድ ዓይኑ መጠን ከአንጎሉ የማያንስ ትንሽ እንስሳ ምን ይባላል የሚል። ማውማግ መሆኑን የማያውቅ ሰው ቦሆል ላይ ቢገኝ፣ ገና ሻንጣውን ያላወረደ ቱሪስት ነው። ታታይ «ማ...» አሉ። ቃሉ ከንፈራቸው ላይ ደርሶ አየሁት። «ማ... ማ...»

«እማማን ነው የሚጠሩት፣ ታታይ?» አለ ቦይ ኪላት። «እማማ ገበያ ሄደዋል። ሲመለሱ ወተት ይሰጡዎታል፣ እሺ?»

የስሕተት ደወሉ ተደወለ፣ ስቱዲዮው በሳቅ ሞላ፣ መስመሩም ተቋረጠ። ታታይ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ። ከዚያም ሰው በሌለበት መስመር ላይ ቃሉን እስከ መጨረሻው አሉት። ከኔ በቀር የሰማቸው የለም።

ሦስተኛ፤ ለአማቴ ስላጎናጸፉልን ዝና። ከሰኞ ጀምሮ ጣቢያዎ አቅራቢዎቹ በቀለዱ ቁጥር እንደ ማጀቢያ «ማ... ማ...» የሚለውን የታታይን ድምፅ ቀርጾ ማሰማት ጀመረ። ቀጥሎ በዘፈኖች መካከል ገባ፤ ቀጥሎም የሰርዲን ማስታወቂያው ውስጥ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሱቃችን ደጃፍ እየተቀባበሉት ያልፋሉ። አንድ የትራይስክል፣ የባለሦስት ጎማው ታክሲ፣ ሾፌር የስልኩ ጥሪ አድርጎት ኖሮ፣ ሲጋራ ሊገዛ ቆሞ ሳለ ስልኩ ጮኸበት፤ ታታይ እዚያው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሾፌሩ ስልኩን ለማጥፋት ሲጣደፍ ከእጁ አምልጦት ወደቀ። ሲጋራውን ሳይወስድ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው እርስዎ ዘንድ የመጣሁት። ምሳዎን በልተው ጥርስዎን እየጎረጎሩ ብቅ ሲሉ፣ ድምፁን እንዲያነሡልን ብቻ ለመንኩ። የሰጡኝን መልስ ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ «አንዴ አየር ላይ የዋለ ድምፅ የጣቢያው ንብረት ነው፣ እመቤት። ደግሞ ምን አስከፋዎት? ሽማግሌው ታዋቂ ሆኑ እኮ።» የሰው ጉሮሮ በስልክ ብቻ ንብረትነቱ ሊዛወር እንደሚችል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበርና፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ቤቴ ስመለስ ታታይ ሬዲዮውን ከሶኬት ነቅለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውታል። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣቸውም። ሩዝ ሲፈልጉ ድስቱን፣ ውኃ ሲፈልጉ ማሰሮውን ያመለክታሉ። ባለቤቴ ከባሕር ሲደውል ስልኩን ተቀብለው የልጃቸውን ድምፅ እስኪበቃቸው ሰምተው ለኔ መለሱልኝ። «አባዬ ምነው ዝም አለ?» አለኝ። እንቅልፍ ይዟቸው ነው አልኩት። ታታይ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩኝ ነበር። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ በትሕትና ልሸፍነው ያልቻልኩት ቦታ ቢኖር ይህ ነውና ይለፉኝ።

አራተኛ፤ ስለ ትዕግሥትዎ። የደረቀ ዓሣ የምትሸጠውን፣ ሁላችንም ማናንግ፣ እታለም፣ የምንላትን ፑሪሲማን አያውቋት ይሆናል፤ ድምፅዋን ግን አሁን በደንብ ያውቁታል። የሆነውን ሁሉ ስነግራት ዓሣውን መገልበጧን ሳታቋርጥ ሰማችኝ። እሷም መጀመሪያ ቀን የማን ድምፅ እንደሆነ ሳታውቅ ስቃ እንደነበር ነገረችኝ፤ ከዚያ ተወዳዳሪዎች የሚደውሉበትን ቁጥር ጠየቀችኝ። ምን ልታደርግ እንዳሰበች አልጠየቅኋትም። በማግስቱ ግን ገበያው ውስጥ ሰው ከሰው ጆሮ ሲጠጋ አይ ነበር።

ዓርብ ዕለት የአገራችን ረጅሙ ተራራ ማን ይባላል ብላችሁ ጠየቃችሁ፤ መልሱ በ«አ» እንደሚጀምር ሕፃን ልጅ ያውቃል። ማናንግ ፑሪሲማ ገባች። «አ... አ... አ...» አለች። ደወል። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ገባ፤ «አ...» ብሎ ጀመረ፤ ደወል። ቀጥሎ ያ ሲጋራውን ትቶ የሄደው ሾፌር፤ ደወል። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መሪ፣ ያቺ በመዝሙር ሁሉንም የምትቀድመው ሴት፤ እሷም ተራራው ላይ ለመድረስ ቸገራት። ቦይ ኪላት በመጀመሪያዎቹ ላይ ቀልዶ ነበር። እየቆየ ቀልዱ አለቀበት።

«የዚህ ከተማ ሰው ዛሬ ምላሱን ምን ነካው?» አለ።

ማናንግ ፑሪሲማ እንደገና ገብታ ኖሮ መለሰችለት። እያንዳንዱን ቃል ዓሣ እንደምትዘረጋ አድርጋ ለየብቻው አስቀመጠችው፤ «ቸኩለህ... ነው... እንጂ... እየመለስን... ነው።»

ሰዓቱን በዘፈን ሞላችሁት። ሽልማቱን የወሰደ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓርብ ከአጎራባች መንደሮችም ተደወለ፤ እኔ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ያን ጊዜ እርስዎ ተወዳዳሪዎች «ግልጽና ፈጣን አንደበት» ያላቸው ብቻ እንዲሆኑ የሚያዝ ደንብ አስነበቡ። በልብዎ የነበረውን በደንብ መልክ ስላወጡልን፣ ከእንግዲህ በግምት እንዳናማዎ አድርገዋልና እናመሰግናለን። ታታይ ደንቡን ከማናንግ ፑሪሲማ ሬዲዮ በአጥሩ በኩል ሰሙት። ወንበራቸውንም ከጓዳ አውጥተው እንደገና በር ላይ አኖሩት።

ቁጥር መጻፉን እዚህ ላይ ልተወው፤ የሚቀጥለው ነገር ከስሞታ የሚቆጠር አይደለም።

ባለፈው ማክሰኞ ቦይ ኪላትን ከፎቶ አንሺ ጋር ላኩብን። ማራገቢያው ላይ ቀይ ጥብጣብ ታስሮበታል። ልጁ በአካል ሲታይ ቀጭንና ዓይነ አፋር ነው፤ እኔን ሲያይ ቀስ ብሎ «ልከውኝ ነው፣ ማናንግ» አለኝ፤ አልዋሽዎትም፣ ትንሽ አዘንኩለት። ፎቶ አንሺው እንዳዘዘው ማራገቢያውን ታታይ ጭን ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ታታይ በደካማ እጃቸው ገፉት። ከዚያ ያን ሁሉ ጊዜ ያልሰማሁትን ድምፅ ሰማሁ።

«ጥያቄውን... ጠይቀኝ።»

«ኧረ ታታይ፣ ጥያቄ አያስፈልግም። ስጦታ ነው» አለ ልጁ።

«ጠይቀኝ።»

ቦይ ኪላት ወደ ፎቶ አንሺው አየ፤ ፎቶ አንሺውም ወደ መንገዱ። በዙሪያችን ሰው ቆሟል። ልጁ መሬት መሬት እያየ በደሴታችን ጫካ ስለሚኖረው እንስሳ ጠየቀ። ታታይ «ማ...» ብለው ቆሙ። አንድ ሾፌር የትራይስክሉን ሞተር አጠፋ። ማናንግ ፑሪሲማ ቢላዋዋን አስቀመጠች። እኔ የሱቁን ጠረጴዛ ይዤ ቃሉን ልጨርስላቸው አፌ ድረስ መጥቶብኝ ነበር፤ ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት። ማንም አልረዳቸውም፤ ጊዜው ሁሉ የእሳቸው ነበር።

«ማው... ማግ።»

«ትክክል ነው» አለ ቦይ ኪላት። ድምፁ ሬዲዮ ላይ ከምንሰማው በጣም ያነሰ ነበር።

«አውቃለሁ» አሉ ታታይ። «አሁን... ይዘህ... ሂድ።»

ይዞ ሄደ፣ ክቡር ሆይ። ማራገቢያውንም፣ ካርቶኑንም፣ ጥብጣቡንም። ስለዚህ በታላቅ ምስጋና ተቀበልነው ያላችሁት ዕቃ አሁን በማን ቤት እየነፈሰ እንደሆነ ቢያጣሩ መልካም ይመስለኛል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የታታይን ድምፅ ከየማስታወቂያው ያውጡ፤ ያስነበቡትን የሐሰት ዜና በዚያው የዜና ሰዓት ያርሙ፤ ስለ ፈጣን አንደበት ያወጡትንም ደንብ ይሻሩ። ሽልማት አንፈልግም። ስለ ንብረትነቱ የነገሩኝን ለታታይ አድርሼላቸው ነበር፤ ከብዙ ጥረት በኋላ የሰጡት መልስ «ድምፄ... የኔ... ነው» የሚል ሲሆን፣ የሕግ ሰው ቢያማክሩም ከዚህ የተሻለ አጭር አንቀጽ የሚያገኙ አይመስለኝም። ይህ እስኪሆን ድረስ በየዓርቡ እንደውላለን። ሥራ ፈትተን አይደለም፤ ዓሣው እየደረቀ፣ ሩዙ እየተመዘነ፣ ፀጉሩ እየተቆረጠ እንደውላለን። ደንብዎ የሚያግደን ከሆነም መላውን ከተማ በስም እየጠሩ ያግዱ፤ ስማችንን በሬዲዮ ስንሰማ ደስ ይለናል።

ለክቡርነትዎ ካለኝ ልክ የለሽ አክብሮት፣ ለዝግጅት ክፍልዎ ካለኝ አድናቆት፣ እንዲሁም ለዚያ ፕላስቲክ ወንበር ካለኝ የማይረሳ ትዝታ ጋር፣

ክሪስፒና ሉማፓስ
በራሷ፣ በአማቷና ድምፃቸውን ባዋሱ ጎረቤቶቿ ስም

ግልባጭ፦ ለዓሣ ገበያው በር፣ ለወደቡ ትኬት መቁረጫ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ማስታወሻ፦ ዓርብ ጠዋት አሁን ማናንግ ፑሪሲማ መደብ ዘንድ የራሳችን ውድድር አለን። ጠያቂው ታታይ ናቸው፤ ጥያቄውም መልሱም እስኪያልቅ ይጠበቃል፣ ያሸነፈ አንድ የደረቀ ዓሣ ይወስዳል። ሰው ስለበዛ መንገዱ እየጠበበን ነው። በዚህ ሳምንት የሰርዲን ኩባንያው ወኪል መጥቶ ከእርስዎ ጣቢያ ያወረደውን የማስታወቂያ ጨርቅ እኛ ዘንድ መስቀል ይችል እንደሆነ ጠይቆናል። ቀስ ብለን እያሰብንበት ነው።