ሰባት አምፖሎች በክፍልሽ ውስጥ

ውድ እናቴ፣

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ላይ ቀረሁ። ድምፄን ከሰማሽ ሳልጨርስ ታውቂብኛለሽ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። እህቴ ታንብብልሽ። ካለቀሰች አትሳቂባት።

ያ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» እያልሽ የምትነዘንዢኝ ነገር አልቋል። ኢንቨርተሩን፣ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚያበቃውን ሣጥን፣ ሞክሬዋለሁ። አልሆነም፣ እማዬ። ከእህቴ ቤት ወደ ቤትሽ ልመልስሽ አልቻልኩም። ይኸው፣ የከበደኝን አስቀድሜ ተናገርኩት፤ የቀረውን ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

ዕቃውን አትውቀሺው። ርካሽ ነው ብዬ ንቄው ነበር፤ ግን የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል። ከሶላሩም ከባትሪውም ከጀነሬተርም ይቀበላል፤ አንዱ ሲደክም ወደ ሌላው ይዞራል። ሻጩ «ለመብራት፣ ለቴሌቪዥን፣ ለትንሽ ፍሪጅ ከሆነ ሐሳብ አይግባህ» አለኝ። ለእናቴ የኦክስጅን ማሽን ነው ስለው ግን ካርቶኑን መልሶ ወደ ራሱ ሳበው። «ወንድሜ፣ ሳትሞክረው ሰው እንዳታስተኛበት» አለ። ደግ ሰው ነው፤ ንግድ አያውቅበትም።

ክፍልሽ ውስጥ፣ ከራስጌሽ በላይ ሰቀልኩት። የግድግዳውን ቀለም ትንሽ ላጥኩብሽ፣ ይቅርታ። ማሽኑ ካንቺ አፍንጫ ስለማይነቀል በምን እንደምሞክረው ግራ ገባኝና ሰባት የድሮ አምፖሎች ጣውላ ላይ ደረደርኩ፤ እነዚያ የሚግሉትን። ሰባቱ ሲበሩ ያንቺ ማሽን የሚበላውን ያህል ይበላሉ። ባትሪው እኩለ ቀን ላይ ሲሞላ የሶላሩን ሽቦ ነቀልኩና በጠራራ ፀሐይ «ይኸው መሸ» አልኩ። ከዚያ አልጋሽ ላይ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ነው። አንድ ሙሉ ሌሊት የሚያህል ጊዜ ከበሩ ትመጫለሽ፤ ከጠፉ ትቀሪያለሽ።

ያን ያህል ብርሃን ያ ክፍል ገብቶበት አያውቅም። ደብቀህብኛል ብለሽ ያኮረፍሽኝ መነጽርሽ ከአልጋው ጀርባ ወድቆ ተገኘ። ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ፤ ይቅርታሽን እጠብቃለሁ።

ፀሐይ ስትገባ በሩ ተበረገደ። አንቺ ሬዲዮ የምትያቸው ጎረቤትሽ ናቸው፤ ከነሳሙናው እጃቸው ሮጠው መጡ። የመብራት ምሰሶው ተከላ መታጠፊያው ላይ ቆሞ እኛ ጋ ሳይደርስ ከቀረ ወዲህ በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ብርሃን ማን አይቶ ያውቃል?

«መጣች? ሳትነግሩኝ?» አሉ። አልጋውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አምፖሎቹን አዩ። ነገሩን አስረዳኋቸው። እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠራርገው አጠገቤ ተቀመጡ። 

ትንሽ ቆይቶ ኢንቨርተሩ መጮህ ጀመረ።

«ምን ነው የሚለው?»

«ባትሪው እያለቀ ነው።»

ተነሱና ሻሻቸውን እጃቸው ላይ ጠቅልለው አንዱን አምፖል ፈቱት። «ቀንስላት እንጂ፣ ልጄ። እሷ እንደሆነች ብዙ አትፈልግም» አሉኝ።

እማዬ፣ እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ፈልገሽ አታውቂም። አምፖሉን ከእጃቸው ተቀብዬ መልሼ አሰርኩት። «ይሄ አይቀነስም፣ እትዬ። ትንፋሿ ነው» አልኳቸው። ትንሽ እንደቆየን ሰባቱም አንድ ላይ ጠፉ። ውጭው ገና ድንግዝግዝ ነበር። ከአንድ ሙሉ ሌሊት ግማሹን ያህል ብቻ ነው የበሩት።

ባትሪ ጨምርበት ትዪኛለሽ፤ አቅማችን የገዛው ይሄንኑ ነው። ጀነሬተሩም ቢሆን ነዳጁ አንድ ቀን ባይመጣስ? ሐኪምሽ ለአፍታም እንዳይቋረጥ ነው ያለው፤ ከዚያ ቤት ሆስፒታል ድረስ ያለውን መንገድ ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ። «እንግዲያው እዚያው ልሙት» እንደምትዪም አውቃለሁ፤ ለእህቴ ብለሻታል። እኔ ግን ያ ማሽን ጸጥ ሲል አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም። ፈሪ በዪኝ። በእህቴ ቤት፣ በማትወጂው ክፍል፣ በማትወጂው መስኮት አጠገብ ብትኖሪልኝ ይሻለኛል። ቤትሽን የነፈግኩሽ እኔ ነኝ፤ ዕቃው አይደለም።

በማግስቱ ልፈታታው ስል ጎረቤትሽ ከለከሉኝ። «አንዷን ተውልኝ፣ በጨለማ ቤቱን ማየት ሰልችቶኛል» አሉ። የሶላሩን ሽቦ መልሼ ቀጠልኩና ከአዲሶቹ፣ ብዙ ከማይበሉት፣ አንዲት ትንሽ አምፖል መስኮትሽ አጠገብ አደረግኩ። ለእሷስ ባትሪው ተርፎ ነው የሚያድረው። አንቺ ካልተመለስሽ ቤቱን መሸጣችን አይቀርም፤ እስክናስረክበው ድረስ በየምሽቱ ትበራለች።

ትናንት ማምሻውን ዕቃሽን እየሸከፍኩ ሳለ አንድ መንገደኛ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ብርሃኑን አየና «እንዴት አመሹ፣ እናታችን?» አለ። ቆሞ መልስ ጠበቀ።

እኔም ባንቺ ፈንታ «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» አልኩት።

በይ ደህና ሁኚልኝ። ተናደሽ ቱቦውን እንዳትነቅዪው፣ አደራ።

ኮተታሙ ልጅሽ