የአንዲት በርሜል አረቄ፦ የወይዘሮ ሸጋዬ አድማሴ የሕይወት ታሪክ (1950–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ሸጋዬ አድማሴ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ ገላው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንጉዳይ ተሰማ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በኮሶዬ፣ በሰኔ ወር 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን እናታቸው በውል አያስታውሱትም ነበር፤ ገብስ የተዘራበት ሳምንት ነው ይሉ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በራሳቸው በሟቿ አደራ ነው። ልጃቸውን ቤዛዊትን ወረቀትና እስክሪብቶ አስይዘው አልጋቸው ራስጌ ካስቀመጧት በኋላ፣ «እንደ ሌላው ሰው ደግ ነበረች ብለሽ እንዳታልፊኝ። ለወንድምሽ ለቻላቸው ያልነገርሁት ነገር አለ። ፊቱን እያየሁ አፌ እንቢ አለኝ፤ በቀብሬ ቀን ይስማው» አሏት። ስለዚህ በዚህ ቦታ ያልተለመደ ነገር ቢነበብ፣ የሟቿ ፈቃድ መሆኑን እንድታውቁልን እንለምናለን።

ወይዘሮ ሸጋዬ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት አልገቡም። በ1972 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ተምረው የምስክር ወረቀታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። ከዚያ በፊት ግን ከእናታቸው ሌላ ትምህርት ጨርሰው ነበር፤ ገብሱን ማብቀል፣ ጌሾውን መምረጥ፣ ድፍድፉን መጠንሰስ፣ አረቄውን በሸምበቆ ጠብ ጠብ አድርጎ ማውጣት፣ የወጣውን እንደገና ጥዶ ዳግም አረቄ ማድረግ። እሳት ላይ ጠብ ሲያደርጉት በሰማያዊ ነበልባል ካልነደደ ለሰው አይሰጡም ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ከአቶ አለበል ዳኛው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ ከረጅም ጥበቃ በኋላ በ1978 ቤዛዊትን፣ በ1985 ቻላቸውን ወለዱ። አቶ አለበል በ1994 ዓ.ም. ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርደው በወባ ታመው እዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ልጆች ያሳደጋቸው አረቄ ነው። ይህን ሲሰማ የሚያፍር ለቀስተኛ ካለ ይተወው፤ እዚህ ከተቀመጥነው መካከል የሸጋዬን አረቄ ያልቀመሰ እጁን ያውጣ ቢባል፣ ከጎንደሩ ነጋዴ ከሐጂ ዐብዱረሕማን ቤተሰብ በቀር የሚያወጣ አይገኝም።

የበርሜሏም ነገር የመጣው ከእኒሁ ከሐጂ ነው። በ2000 ዓ.ም. ወይዘሮ ሸጋዬ ጎንደር ወርደው፣ ከጣሊያን ጊዜ የቀረች አንዲት የእንጨት በርሜል ከሐጂ ሱቅ ገዙ። ሐጂ ለውኃ መስሏቸው መርቀው ሸጡላቸው፤ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ምነው ሸጋዬ፣ ምርቃቴን ምን ውስጥ ከተትሽው!» ብለው ስቀዋል። ወይዘሮ ሸጋዬ ያን ዓመት ካወጡት ዳግም አረቄ ምርጡን ሞሉባት፤ አፏን በሰም ደፍነው ከጎተራው ጀርባ አስቀመጧትና «ይህ የቻላቸው ሠርግ ነው» አሉ። አገሬው «አረቄ ይጠጣል እንጂ ይከርማል እንዴ?» ብሎ ተሳለቀ። ሰባት ዓመት ሲሞላት አንዲት ሲኒ ቀድተው ቢያዩ፣ እንደ ውኃ የነበረው አረቄ የማር መልክ ይዟል። ከጎንደር አንድ ባለ ሆቴል ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ቢለምናቸው «የልጄን ሠርግ አልሸጥም» ብለው መለሱት።

ሠርጉ ግን አልመጣም። ቻላቸው አይሱዙ መንዳት ከጀመረ በኋላ መጠጥ ያዘው። የመጀመሪያዋን መለኪያ የቀዱለት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ፤ ብርድ መትቶት ገብቶ ነበርና። ይህን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም። ሁለት ወር ጠበል ይዘውት ተቀመጡ፤ ሲመለስ ባሰበት። ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በንስሐ አባታቸው በአባ ሐብተ ማርያም ፊት ማሰሮውንም ሸምበቆውንም ሰባብረው፣ «ዳግመኛ ከእጄ አረቄ ለሰው አፍ ብሰጥ ቅዱስ ሚካኤል ቻላቸውን አያኑርልኝ» ብለው ማሉ። በርሜሏን ግን ማፍሰስ አልቻሉም። «እሷን ካፈሰስኋት ልጄ አይዳር ማለቴ ነው» አሉና በርሜሏ ያለችበትን ቤት ቆልፈው ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አሰሩት።

የእናቱ ቤት ሲዘጋበት ቻላቸው ከየትም በጀሪካን የመጣውን መጠጣት ጀመረ። ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ግድግዳ እየዳበሰ ገባና፣ «እማ፣ ጭጋጉ ቤት ውስጥም ገባ እንዴ?» አለ። ማታ ከሱ ጋር የጠጡት ሁለት ሰዎች ያን ቀን ሲነጋ ሞተው ተገኝተዋል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ዝማሬ ሮጣ መጥታ አየችውና፣ «የተመረዘ ነው የጠጣው። መድኃኒቱ እኛ ዘንድ የለም፣ የጎንደር መንገድም በሰሞኑ ተኩስ ተዘግቷል። እስኪከፈት ድረስ ያንን መርዝ የሚይዝልን ንጹሕ ጠንካራ አረቄ ነው፤ እኔ እየለካሁ እሰጠዋለሁ። እትዬ ሸጋዬ፣ ቶሎ በይ፣ እያንዳንዷ ሰዓት ለዓይኑ ናት!» አለች።

በዚያን ቀን በኮሶዬ የሚታመን አረቄ ያለው በዚያች በርሜል ብቻ ነበር። ወይዘሮ ሸጋዬ ግን የማሉት በልጃቸው ነፍስ ነው። ቢሰጡት መሐላው ይገድለዋል፤ ቢከለክሉት መርዙ። ቤዛዊት እግራቸው ላይ ወድቃ «ቁልፉን ለእኔ ስጪኝ፣ እኔ አልማልሁም» ብትል፣ «አንቺም እጄ ነሽ» አሏት። ከመሐላው እንዲፈቷቸው ወደ አባ ሐብተ ማርያም ሮጡ።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሆኖ ቅዳሴ ገብቷል፤ አባ መቅደስ ውስጥ ናቸው። ቀዳሽ ከመቅደስ አይጠራም። ወይዘሮ ሸጋዬ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው፣ በሁለት እጃቸው ቁልፉን ጨብጠው፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ሦስት ሰዓት ተኩል ጠበቁ። አባ ወጥተው ነገሩን እንደ ሰሙ ራሳቸውን ያዙ፤ «ልጄ፣ ይህን ለመጠየቅ ነው የቆምሽ? ነፍስ እያለ ማን ጠብቂ አለሽ! እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ሩጪ!» አሏቸው።

በርሜሏ ተከፈተች። ሲስተር ዝማሬ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት በሲኒ እየለካች ሰጠችው፤ በሦስተኛው ቀን መንገድ ተከፍቶ ጎንደር ሆስፒታል ገባ። ቻላቸው ዳነ፤ ዓይኑ ግን አልተመለሰም። ሐኪሞቹ ቀደም ቢል ኖሮ ሊተርፍለት ይችል ነበር ያሉትን እናቱ ሰምተዋል። ለሱ «አረቄው ዘግይቶ ተገኘ» አሉት። ዘግይቶ አልተገኘም፤ እቤቱ ነበር። ይህን ቻላቸው የሚሰማው አሁን ነው።

ወይዘሮ ሸጋዬ ከዚያ ወዲያ ምግብ አልረጋላቸውም። በጨጓራና በልብ ሕመም ሲረዱ ቆይተው የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐርፈዋል። አባ ሐብተ ማርያም በተደጋጋሚ «ተፈትተሻል» ቢሏቸውም፣ «እርስዎ ፈቱኝ፤ ባለ ዓይኑ አልፈታኝም» እያሉ ሥጋ ወደሙን ሳይቀበሉ ቆይተዋል።

የሁለት ልጆች እናት፣ የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። በሐዘናችን ለደረሳችሁ ሁሉ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን። ነፍሳቸውን በአብርሃም ዕቅፍ፣ ተስፋ ሳይቈርጡ ከለመኑት ሁሉ ጋር በዕረፍት ያኑርልን።

አንድ ነገር ይቀራል። ሬሳ ሲነሣ ሟችን የበደሉ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ የእኛ እናት ግን በአደራቸው ራሳቸው ጠያቂ ሆነዋል። ቻላቸው ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጧል፤ ከሰውም ከካህንም የሚቀድመው የሱ ቃል ነው። እስኪናገር ሳጥኑን አናነሣም።