በምክትል የተላከ ለቅሶ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ምነው አፌን በቆረጠው! ጓደኛዬ ብርቱካን የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከሆነች ወዲህ ሳምንቱ አልበቃት ብሎ ስታማርር፣ በመጽሔት አምዴ ላይ የምጽፈውን ምክር እሷም ላይ ለቀቅኩት። "ሰኞ ጠዋት ሥራሽን ለዪ። ያለ አንቺ የማይሆነውን ብቻ ያዢ፤ የቀረውን ለምክትልሽ ስጪ" አልኳት። ደስ አላት። እኔም ኮራሁ።

ዛሬ ቢሮዋ ጎራ ብል ጸሐፊዋ አስካለ ጥቁር ለብሳለች። አባቷን ደብረ ወርቅ ቀብራ መመለሷ ነው። አልሰማሁም ነበር። እግዜር ያጽናሽ ብዬ፣ "መቼም ብርቱካን አልተለየችሽም" አልኳት።

"ሥራ በዝቶባቸው ምክትላቸውን ልከዋል። ጎበዝ ነው፣ በእሳቸው ስም ደኅና አድርጎ አለቀሰልን" አለችኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ያቺ አስካለ እኮ የብርቱካን እናት ሲታመሙ ሆስፒታል ያደረች ናት! ውስጥ ገብቼ፣ "ለቅሶም በውክልና ሆነ እንዴ?" ብዬ ጮህኩባት።

"ስብሰባ ነበረብኝ። ለዪ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "አሁን በምን ፊቴ አናግራታለሁ?"

እውነቷን ነው። ስመክራት ሁሉንም ሥራ ብዬ ነው የቆጠርኩት፤ ስለ ሰው አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

"በይ ተነሽ፣ ይቅርታ ጠይቂያት። ከበሩ ማዶ ናት" አልኳት።

እንባዋን ጠርጋ ትንሽ አሰበችና፣ "አንቺ ብትነግሪልኝስ?" አለችኝ።

እሺ ልላት ትንሽ ነበር የቀረኝ።