እናቴን በስፓኒሽ ዶክተር ስላደረጉልኝ

ለተከበሩ አቶ ጸጋዬ፣
የትምህርት ቤታችን የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ጂዛን
ግንቦት 2006 ዓ.ም.

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። የዘንድሮው የግንቦት ሙቀት እርስዎን ሳይነካ እንዲያልፍ፣ ቢሮዎ ውስጥ ያለው ኤሲም አንድ ቀን እንኳ እንዳያስነጥሰው ከልብ እመኛለሁ፤ የእኛ የዘጠነኛ ክፍል ሴቶች ኤሲ ከሞተ ወዲህ የጤናን ዋጋ ጠንቅቀን አውቀናልና።

ምናልባት መልኬን አያስታውሱት ይሆናል። ወለተሥላሴ ካሳዬ እባላለሁ። በመጨረሻው ወንበር በመስኮቱ በኩል የምቀመጠው፣ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለቴ ስለማይሰማ ብዙ ጊዜ ቀሪ የሚጻፍብኝ እኔ ነኝ። አባቴ ሳብያ አንድ እርሻ ውስጥ ሾፌር ነው፤ እናቴ ወይዘሮ ኢታፈራሁ እዚሁ ጂዛን በሰው ቤት እየዞረች ታጸዳለች። ይህን የመጨረሻውን ነገር በአማርኛ እንኳ ሁለቴ ሰርዤ ነው የጻፍኩት። ምክንያቱን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ስፓኒሽን ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ባለፈው ኅዳር ብዙ ጓደኞቻችን ከነቤተሰባቸው ወደ አገር ቤት ተጭነው ወንበሮቹ ባዶ ሲቀሩ፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋ እንዳይመስል አዲስ ነገር ያስፈልገዋል ብለው፣ ሆስፒታል በነርስነት የምትሠራውን ኮሎምቢያዊት ሴኞራ ሉስን በሳምንት ሁለት ቀን እንድታስተምረን የለመኑልን እርስዎ ነዎት። ወላጆች በር ላይ ቆመው «ከዚህ የሚቀርበው የመን ነው፣ ስፔንን ማን አየው?»፣ «ልጆቹ ዐረብኛውን መቼ ጨረሱትና!» እያሉ ሲስቁ፣ እኔ በልቤ ለእርስዎ ተከራክሬያለሁ። በአፌ ግን ለማንም አልከራከርም፤ ዐረብኛ ስናገር የዚህ አገር ልጆች ይስቁብኛል፣ ሁለት ዓመት ትምህርት ስላቋረጥኩ በእንግሊዝኛ የክፍሌ ልጆች ይስቁብኛል፣ በአማርኛ ደግሞ ከፊቴ የምትቀመጠው ሊሊ «ወሎዬዋ ጀመረች» ትለኛለች። ሴኞራ መጀመሪያ ቀን ገብታ «ኦላ» ብላ ሰላም ስትለን ግን ሁላችንም እኩል ደንቆሮ ነበርን። ሊሊም ደንቆሮ ነበረች። ሳልፈራ አፌን የከፈትኩበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው፤ ለዚህ የማመሰግንዎት የምሬን ስለሆነ፣ ከሌሎቹ ምስጋናዎች ጋር እንዳይቀላቅሉብኝ እለምናለሁ።

፪. ባዶ ቦታ ስለማይወዱ አመሰግናለሁ። የትምህርት ቤቱን ግቢ ያከራዩን ሼክ በመጋቢት ሊጎበኙን ሲመጡ፣ እያንዳንዳችን ስለራሳችን አምስት ነገር በስፓኒሽ እንድንናገር ተወስኖ ነበር፤ ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ የምንወደው ነገር፣ የእናታችን ሥራ። አራቱን ጻፍኩ። ሴኞራ በሰጠችን የሥራ ዓይነቶች ገጽ ላይ ዶክተር፣ መምህርት፣ መሐንዲስና አብራሪ እንጂ ቤት የምታጸዳ ሰው ስላልነበረች፣ አምስተኛውን ባዶ ተውኩት። ወረቀቱ በእርስዎ ቢሮ በኩል ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ነበር፤ «ሚ ማድሬ ኤስ ዶክቶራ»፣ ማለትም «እናቴ ዶክተር ናት»። ተሳስተው እንደሆነ ልጠይቅ ብመጣ «ውሸት እኮ አይደለም፣ ልምምድ ነው። ደግሞስ ሼኩ ትምህርት ቤቱን ሊያዩ ነው እንጂ እናትሽን ሊያዩ ነው?» ብለው በትዕግሥት አስረዱኝ። ሌላ ሰው ዶክተር ለመሆን ስንት ዓመት ይደክማል፤ እናቴ በእርስዎ ቸርነት በአንድ መስመር ተመረቀች።

፫. ለዝግጅቱ አመሰግናለሁ። እንደሚያስታውሱት ወንዶቹ ከመጋረጃው ወዲያ፣ እናቶች ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጠው፣ እኛ ሴቶቹ በእናቶች በኩል ቆመን በማይክሮፎን ስንናገር ድምፃችን ብቻ ይሻገር ነበር። እርስዎ በዚያ በኩል ወረቀታችንን ይዘው በሼኩ ጆሮ ወደ ዐረብኛ ይተረጉሙ ነበር። በእኛ በኩል የሚተረጉም ሰው አልተመደበም፤ እናቶች የሚያጨበጭቡበት እጅ ካላቸው ይበቃቸዋል ተብሎ ይመስለኛል። እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ በረኪና የበላውን እጇን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች። ስሜን ስናገር ተንተባተብኩ። ዕድሜዬን ስናገር አሥራ ስድስቱ ጠፍቶኝ ስድስት ዓመቴ ነው አልኩ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ግን ምላሴ አንድ ጊዜ እንኳ አልተያዘም። ከመጋረጃው ወዲያ «ማሻአላህ!» የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ። ይህን የሰማች እናቴ እጇን ከነጠላው አውጥታ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች።

ብዙም ሳይቆይ ራስዎን በማድ ቤቱ በር ወደ እናቶች በኩል አስገብተው «ኢታፈራሁ፣ ያላ! ብርጭቆ አለቀ እኮ፣ ሳምቡሳውም ገና አልተጠበሰም!» ሲሏት፣ የሚያዝዟት ዶክተሯን መሆኑን ዘንግተውት ነበር። ቅር አልተሰኘችም። ሐኪም እጇን መታጠቧ የታወቀ ነው፤ የእኔዋ ዶክተር ግን የእንግዳውን ሁሉ ብርጭቆ አጥባ፣ ሳምቡሳውን ጠብሳ፣ ወለሉን ወልውላ ወጣች።

፬. እናቴ ስፓኒሽ እንድትማር ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ወደ ቤት ስንሄድ «ያቺ ማሻአላህ ያሰኘችው ምን ማለት ናት?» አለችኝ። እኔም «እናቴ ታታሪ ናት ማለት ነው» አልኳት። «ዶክተር የምትል መሰለኝ እኮ» ብትለኝ፣ «በእነሱ ቋንቋ ታታሪ ማለት ነው» አልኳት። በጣም ደስ አላት። «እስቲ አስጠኚኝ» አለች። አስጠናኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትወለውል፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ሚኒባስ ስትጠብቅ «ሚ ማድሬ ኤስ ዶክቶራ» ትላለች። አንድ ቀን ልትወስደኝ መጥታ በር ላይ ሴኞራን ስታገኝ፣ ቀጥ ብላ ቆማ ይህንኑ አለቻት። ሴኞራ ዓይኗ ፈጠጠ፣ አቀፈቻት፣ ከዚያም በሆስፒታል ዐረብኛዋ «የአንቺም እናት ዶክተር ናት? ማሻአላህ፣ ቤቱ በሙሉ ዶክተር!» አለቻት። የሴኞራ የተሰባበረ ዐረብኛ ለእናቴ ስለማይገባት ወደ እኔ ዞራ «ምን አለች?» አለችኝ። «ጎበዝ ነሽ አለችሽ» አልኳት። በዚያች በር ላይ ሁለቱም በደስታ ሲሳሳቁ፣ መሬቱ የት ጋ ቢከፈት እንደሚሻል እያየሁ ነበር።

፭. ስለ አርቆ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። የፊታችን ዓርብ በሚደረገው የመዝጊያ በዓል የሼኩ ባለቤት ዶክተሯን ካልተዋወቅሁ ማለታቸውን ሰምተው፣ ባለፈው ሳምንት አስጠርተውኝ «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ዓርብ እንዳትመጣ። ተረኛ ናት እንላለን። ኸላስ፣ አለቀ» አሉኝ። ገና ከበሩ ሳልወጣ መልሰው ጠሩኝና «ሳምቡሳውን ግን በጠዋት ጠብሳ ትላክልን» አሉኝ። እናቴ ለዚያ ቀን ቀሚሷን ካወጣች ሰንብታለች። ሼኩም ራሷ ስትለው እንዲሰሟት ስለፈለገች፣ ያችን ነገር ጮክ ብላ እየተለማመደች ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር አይሰጠውም፤ የእርስዎ ብቻ አይደለምና። ያን በቀይ የተጻፈ መስመር ሳነብ የተሰማኝ ንዴት ነው ብዬ ለመጻፍ ብዙ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። የተሰማኝ እፎይታ ነበር። እናቴ ባልዲዋንና ጓንቷን ይዛ በር ላይ ስትጠብቀኝ፣ የክፍሌ ልጆች እስኪያልፉ ጎንበስ ብዬ የታሰረውን የጫማዬን ክር ፈትቼ መልሼ አስር ነበር። እርስዎ አዲስ ነገር አላስተማሩኝም፤ በልቤ የነበረውን አንብበው በቀይ ጻፉልኝ እንጂ። ስሜንና ዕድሜዬን መናገር ያቃተው ምላስ ያችን ብቻ ያለ ስህተት ያወጣት ለዚህ ነው። የማላፍርባት አንዲት ቋንቋ ነበረችኝ፤ አሁን ግን በእሷ በተናገርኩት ያፈርኩት ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ይህን ደብዳቤ ሰሌዳው ላይ ከመለጠፌ በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ የአባቴን ሸሚዝ ስትተኩስ እስከዚህ ድረስ አነበብኩላት። ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንደያዘች ቆማ ስለቀረች እንዳይቃጠል ፈርቼ ነበር። ካውያውን አቆመችና «እንግዲያ ማሻአላህ የተባለችው ዶክተሯ ናት?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እኔ እኮ ለእኔ መስሎኝ» አለች። ሸሚዙን ገለበጠችና ሌላውን እጅጌ ተኮሰች።

ምን ብዬ ይቅርታ እንደምላት በየትኛውም ቋንቋ አልመጣልኝም። ሸሚዙን አጥፋ ከጨረሰች በኋላ ግን «የእኔን ሥራ በዚያ አገር ምን ይሉታል?» ብላ ጠየቀችኝ። አልተማርነውም አልኳት። «ታዲያ ጠይቂያት፤ አስተማሪ የሚቀጠረው ለምን ሆነና» አለች። በማግስቱ ከክፍል በኋላ ወደ ሴኞራ ሄጄ፣ መጀመሪያ እውነቱን ነገርኳት፤ ቀጥዬ ቃሉን ጠየቅኋት። እሷም እናቷ ካሊ በምትባል የአገሯ ከተማ ይህንኑ ሥራ ሠርታ እንዳሳደገቻት ነግራኝ፣ ሰሌዳው ላይ ጻፈችልኝ።

ስለዚህ ክቡር ሊቀመንበር፣ ዓርብ እናቴ ትመጣለች። የምትቀመጠው ሦስተኛው ረድፍ ላይ አይደለም። የሼኩ ባለቤት ሲደርሱ ማንም አስተዋዋቂ ሳይደክም፣ «ዮ ሊምፒዮ ካሳስ»፣ ማለትም «እኔ ቤት አጸዳለሁ» ትላቸዋለች፤ ካልገባቸው በዐረብኛ ትደግምላቸዋለች። እኔም ማይክሮፎኑ ከተሰጠኝ አምስተኛውን አስተካክዬ እናገራለሁ፤ ካልተሰጠኝ ያለ ማይክሮፎን እናገራለሁ። ድምፄ ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ። መጋረጃውም ግን ስስ ጨርቅ ነው።

እናቴን ያለ ትምህርትና ያለ ፈተና ለሦስት ወር በሙሉ ዶክተር አድርገው ላቆዩልኝ ለእርስዎ፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ቀይ እስክሪብቶዎ ግን እንዲያልቅ እየተመኘሁ፣ ከመጨረሻው ወንበር ሆኜ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ የዛሬው ጎንበስ ማለቴ ክር ለማሰር አይደለም።

የወይዘሮ ኢታፈራሁ ልጅ
ወለተሥላሴ ካሳዬ፣ ዘጠነኛ ክፍል

ግልባጭ፦
ለሴኞራ ሉስ (በቃል ተተርጉሞላት)
ለሊሊ፣ የወሎ አማርኛዬን እንድታርምልኝ
ለግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሳምቡሳውን በተመለከተ። ለዓርብ የሚፈልጉት ዶክተሯን ከሆነ፣ ተረኛ ናት ስላሉ መጥበስ አትችልም፤ እናቴን ከሆነ ደግሞ የተጋበዘች ወላጅ ስለሆነች ቁጭ ብላ ትበላለች። በሁለቱም መንገድ ሌላ የሚጠብስ ሰው ከአሁኑ ቢፈልጉ መልካም ነው። የብርጭቆውንም አደራ።