የሦስት ቀን ክኒን ባንድ ማታ

መጋቢት ፲፯ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

ዛሬ እንኳን ይመኑኝ ጌታዬ ብዬ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። ድሬሰርነት፣ ማለት የሐኪም ረዳትነት፣ የሚያስተምሩን ሐኪም ግን ሳቁብኝ። «ዛሬ ደግሞ ማንን ገደልሽ?» አሉኝ። ባለፈው የተኛ በሽተኛ ሞተ ብዬ ከቅዳሴ አስጠራኋቸውና ሰውየው ተነሥቶ ውሃ ጠየቃቸው። ከዚያ ወዲህ ማን ያምነኛል።

ዛሬ ግን እውነት ነው። ትናንት ወባ ለያዛት ለአምደወርቋ ትርንጎ የሦስት ቀን ክኒን ሰጥቼ ሸኘኋት። ለየቀኑ ከፋፍለሽ ዋጪ አልኳት፣ እሺ አለችኝ። ያልኩሽን ድገሚልኝ ማለት ነበረብኝ፣ ተምረነዋል፣ ረሳሁት። ዛሬ እዚሁ ሰቆጣ አሳድራት የሸኘቻት አክስቷ ለዓይኗ መድኃኒት ፈልጋ መጣችና «ትርንጎማ በሁዳዴ ቀን ቀን ክኒን አትውጥም። ዛሬ ማታ ቤቷ ገብታ እህል ስትቀምስ ሁሉንም ባንዴ ውጣ ትገላገላለች» አለችኝ እየሳቀች። ይሄ ክኒን ሲበዛ ልብ ያቆማል ተብለናል። ትርንጎ ደግሞ የሚጠባ ልጅ አላት።

ይህን ብነግራቸው ነው ሐኪሙ «የዋግ ሰው ክኒን ተለምኖም አይጨርስም፣ ሂጂ መርፌሽን ቀቅይ» ያሉኝ። መርፌውን እሳት ላይ ትቼ ስልክ ቤት ሮጥሁ። የአምደወርቅ ፖሊስ አነሣና «አንቺ ማነሽ?» አለኝ። ተማሪ ነኝ ብል ይንቀኛል ብዬ ፈርቼ ሐኪም ነኝ አልኩትና ነገሩን አስረዳሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ። «እሺ ዶክተር፣ ቤቷ ሰው ልኬ መልሼ እደውላለሁ» አለኝ፣ አመነኝ።

አሁን ስልክ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጫለሁ። ጥላው ረዝሟል፣ ስልከኛውም ሊዘጋ ቁልፉን አውጥቷል። ወንድሜ ፖሊስ፣ ክኒኑን ተቀበልናት በለኝ፤ ብቻ ሳይመሽ ደውልልኝ።